ስድስት ክሪስታል በአንድ ኦሲሌተር ላይ ማቀያየር፦ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፣ ጎረቤት ቻናሎች ይረበሻሉ

ኮልፒትስ33 ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ አንድ ትራንዚስተር ኮልፒትስ ኦሲሌተር ላይ ስድስት ክሪስታሎችን ከፓነል እየመረጥኩ ማሠራት ፈልጌ ሦስት ችግር ገጥሞኛል።

ሰርኪቱ፦ 2ኤን3904፣ ከቤዝ ወደ ኢሚተር 33 ፒኮፋራድ፣ ከኢሚተር ወደ ግራውንድ ሌላ 33፣ ክሪስታሉ በቤዝና በግራውንድ መካከል። የትራንዚስተሩ ቮልቴጅ ከ78ኤል08 ሬጉሌተር የሚመጣ 8 ቮልት ነው። ክሪስታሎቹ ፓነሉ ላይ ካለው ባለ ስድስት ቦታ ተሽከርካሪ ስዊች ጀርባ ላይ ተበይደዋል። ከስዊቹ የጋራ እግር እስከ ቤዝ ድረስ 20 ሳንቲሜትር አርጂ-174 ኬብል ይሄዳል።

ክሪስታሎቹ 8.000፣ 10.000፣ 10.0125፣ 10.025 እና 12.000 ሜጋኸርዝ ናቸው። አምስቱም ኤችሲ-49/ዩ፣ ለ20 ፒኮፋራድ ሎድ (ክሪስታሉ ልክ የተጻፈበትን ፍሪኩዌንሲ እንዲሰጥ ከሰርኪቱ ሊያይ የሚገባው ካፓሲታንስ) የተሠሩ። ስድስተኛው 48.000 የሚል ጽሑፍ አለው።

አንደኛ፣ 10.000 የሚለው 9.9982 ነው የሚያነበው፤ ሌሎቹም በዚሁ ልክ ወርደዋል። ሁለተኛ፣ 10.000 ጉልበቱ ደህና ሆኖ ሳለ 10.0125 እና 10.025 ሲመረጡ ሞገዱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ፍሪኩዌንሲውም ስዊቹ በተነካ ቁጥር በመቶ ኸርዞች ይንቀጠቀጣል። ክሪስታሎቹን ለየብቻ ነቅዬ ስሞክራቸው ጤነኛ ናቸው። ሦስተኛ፣ 48ቱ በ16 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚጮኸው።

ስዊቹ ከፓነሉ አይነሳም። ክሪስታሎቹን ግን በ74ኤችሲ4066 (የኤሌክትሮኒክ ስዊች ቺፕ)፣ በዳዮድ ወይም በሪሌይ ልመርጣቸው አስቤያለሁ። የትኛው ይሻላል? እሴቶቹንስ እንዴት ልምረጥ?


ቀጭን_ሽቦ መለሰ፦

የመጀመሪያው ችግር ተሰልቶ የሚያልቅ ነው። አርጂ-174 በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ስላለው የአንተ ኬብል 20 ፒኮፋራድ ይዟል። ሁለቱ 33ቶች በተከታታይ 16.5 ናቸው፤ የትራንዚስተሩና የቦርዱ ሦስት አራት ፒኮ ሲታከልበት 20 ይሞላል። ክሪስታሉ እዚያው ቦርዱ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚፈልገውን ሎድ በትክክል ያገኝ ነበር። አሁን ግን 40 ነው የሚያየው።

የዚህ ዓይነት ክሪስታል ሞሽናል ካፓሲታንሱ (የንዝረቱን ባሕርይ የሚወክለው) 20 ፌምቶፋራድ፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ሲዜሮ ደግሞ 5 ፒኮፋራድ ገደማ ነው ብለን እንነሳ። ክሪስታሉ ከሲሪየስ ሬዞናንሱ (ያለ ሎድ ከሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ) በላይ ከፍ የሚልበት መጠን ሞሽናሉ ለሁለት እጥፍ የሲዜሮና የሎድ ድምር ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ20 ፒኮፋራድ 400 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 400)፣ በ40 ፒኮፋራድ 222 ፒፒኤም። ልዩነቱ 178 ፒፒኤም፣ በ10 ሜጋኸርዝ ላይ 1.8 ኪሎኸርዝ ገደማ። ያነበብከው ቁጥር ራሱ ነው።

ስለዚህ ኬብሉን በማሳጠር አትድከም። ወደ ፓነል የሚሄደው ሽቦ ዲሲ ብቻ እንዲሸከም አድርገው፤ ያን ጊዜ 20 ሳንቲሜትርም ሆነ 2 ሜትር ለውጥ አያመጣም። ክሪስታሎቹን ከፓነሉ አንስተህ ትራንዚስተሩ አጠገብ ደርድራቸውና በዳዮድ ምረጣቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአምስቱም ክሪስታሎች አንድ አንድ እግር በአጭር የጋራ መስመር ቤዙ ላይ ይገናኛል። የእያንዳንዱ ሌላኛ እግር በራሱ ትሪመር (በስክሩድራይቨር የሚስተካከል ካፓሲተር) አልፎ ወደ ራሱ ዳዮድ አኖድ ይሄዳል። የዳዮዶቹ ካቶዶች ሁሉ አንድ ላይ ተገናኝተው በ10 ናኖፋራድ ሴራሚክ ወደ ግራውንድ ይወርዳሉ፣ ከጎኑም 220 ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ይገጠማል። እያንዳንዱ አኖድ በ1.5 ኪሎኦም ከፓነል ስዊቹ 12 ቮልት ይቀበላል፤ ከ1.5 ኪሎኦሙ በስዊቹ በኩል 10 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ፣ እዚያው ነጥብ ላይ 47 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ።

የተመረጠው ዳዮድ 6.6 ሚሊአምፒር ይወስዳል። ይኸው ከረንት በ220 ኦሙ ሲያልፍ የጋራውን ካቶድ ወደ 1.45 ቮልት ከፍ ያደርገዋል፣ ያልተመረጡት አኖዶች ደግሞ በ47 ኪሎኦሙ ዜሮ ላይ ተይዘዋል። ኔጌቲቭ ሰፕላይ ሳያስፈልግ የተዘጉት (ከረንት የማያሳልፉት) ዳዮዶች ሁሉ 1.45 ቮልት ሪቨርስ አገኙ ማለት ነው። 47 ኪሎኦሙን «ስዊቹ ካላገናኘው ምን ያደርጋል» ብለው የሚተዉት አሉ። ያኔ አኖዱ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ዳዮዱም በግማሽ ልቡ ይከፈታል።

ሁለተኛው ማስተካከያ 33ቶቹን በ220 እና በ220 ፒኮፋራድ መተካት ነው፤ ኤንፒ0 (በሙቀት የማይለዋወጥ ዓይነት) ይሁኑ። በተከታታይ 110 ይሆናሉ። አምስት ክሪስታል የተደረደረበት መስመር፣ ከተዘጉት ዳዮዶች ጋር፣ 12 ፒኮፋራድ ገደማ ይጨምራል። 12 በ16.5 ላይ ሲጨመር መዓት ነው፣ በ110 ላይ ግን እዚህ ግባ አይባልም። የ20 ፒኮፋራድ ሎዱን የሚወስነው ከዚያ በኋላ በየክሪስታሉ ያለው ትሪመር ነው፤ 18 ፒኮፋራድ ቋሚ ኤንፒ0 ከ2–10 ፒኮፋራድ ትሪመር ጋር ትይዩ። ይህ ከትክክለኛው ቦታ ወደ ላይ 50፣ ወደ ታች 40 ፒፒኤም ገደማ ያንቀሳቅስሃል። ለ30 ፒፒኤም ክሪስታል በቂ ነው። ከ5–30 ፒኮፋራድ ትሪመር ብቻውን ብትገጥም ግን ስክሩድራይቨሩ በተነካ ቁጥር መቶ ኸርዝ ስለሚዘል ማስተካከሉ ያሰለቻል።

ባያሱ (ትራንዚስተሩን በዲሲ የሚያዘጋጁት ሬዚስተሮች)፦ ከ8 ቮልት ወደ ቤዝ 47 ኪሎኦም፣ ከቤዝ ወደ ግራውንድ 47 ኪሎኦም፣ ኢሚተር ላይ 2.2 ኪሎኦም። የኢሚተሩ ከረንት 1.4 ሚሊአምፒር አካባቢ ይሆናል። ኮሌክተሩን በ100 ኦም ከ8 ቮልቱ ጋር አገናኘው።


ዜሮ_ቢት መለሰ፦

74ኤችሲ4066ን ከዝርዝሩ አውጣው። በ4.5 ቮልት ሲከፈት 50 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው፤ አሮጌው ሲዲ4066 በ5 ቮልት ላይ ከዚያም በብዙ እጥፍ ይብሳል።

ከላይ በተሰጠው ዲዛይን ትራንዚስተሩ የሚያመነጨው ኔጌቲቭ ሬዚስታንስ (የክሪስታሉን ኪሳራ የሚሸፍነው)፣ የመስመሩ ስትሬይ (ሳይፈለግ የሚጨመር ካፓሲታንስ) ተቀንሶ፣ በ10 ሜጋኸርዝ ላይ 230 ኦም አካባቢ ነው። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር በካሬ ስለሚቀንስ በ12 ላይ 160፣ በ8 ላይ 360 ይሆናል። የክሪስታሉ የራሱ 20 ኦም በሎዱ ምክንያት ወደ 31 ያድጋል። 1ኤን4148 በ6.6 ሚሊአምፒር 7 ኦም ገደማ ሲጨምር ድምሩ 38፤ በ12 ሜጋኸርዝ አራት እጥፍ ትርፍ አለህ፣ በማንኛውም ሙቀት ይነሳል። በ4066 ግን 31 ሲደመር 50 ሆኖ ትርፉ ወደ ሁለት እጥፍ ይወርዳል፣ የክሪስታሉ ኪውም (የሬዞናንሱ ጥራት) ከግማሽ በታች ይሆናል። ዴስክ ላይ ይሠራና ሲበርደው አልነሳ ይላል።

ለዳዮዱ ደግሞ ቢኤ243፣ ቢኤ244 ወይም ቢኤ482 ካገኘህ ከ1ኤን4148 ይሻላሉ። ለቲዩነር ባንድ መቀየሪያ የተሠሩ ስለሆኑ ሲከፈቱ 1 ኦም አካባቢ ናቸው። 1ኤን4007ን «የድሃ ፒን ዳዮድ» እያሉ የሚመክሩ አሉ፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ተዘግቶ ሳለ ካፓሲታንሱ ትልቅ ነው።

1ኤን4148 የምትጠቀም ከሆነ የዲሲ ከረንቱን አታሳንስ። ክሪስታሉ ውስጥ የሚያልፈው አርኤፍ በዚህ ሰርኪት 5 ሚሊአምፒር ፒክ ሊደርስ ይችላል። 1ኤን4148 ፈጣን ዳዮድ ስለሆነ በ10 ሜጋኸርዝ እያንዳንዱን ግማሽ ሞገድ ይከተላል። ዲሲው ከፒኩ ካነሰ በየዑደቱ ለአፍታ ይዘጋል፣ ሃርሞኒክ ይፈጥራል፣ ፍሪኩዌንሲውንም ከሞገዱ ጉልበት ጋር ያያይዘዋል። 6.6 የተመረጠው ለዚህ ይመስለኛል።

ሪሌይ ይሠራል፣ ምንም አይወጣለትም። ባለ 5 ቮልት ሪድ ሪሌይ 500 ኦም ኮይል ስላለው 10 ሚሊአምፒር ይፈልጋል፤ የኮንታክቱ ካፓሲታንስም ትንሽ ነው። ቦታ መብላቱ ብቻ ነው ጉዳቱ።


ኳርትዝ_መስመር መለሰ፦

ሁለተኛውን ችግር ማንም አልነካውም፣ እኔ ግን ከሁሉም የሚገርመው እሱ ነው። ፍንጩ 10.000 ጤነኛ ሆኖ ከሱ በላይ ያሉት ሁለቱ መታመማቸው ነው። 8 እና 12ም ቅሬታ አልቀረበባቸውም።

ያልተመረጠ ክሪስታል ከሰርኪቱ አልወጣም። በስዊቹ ኮንታክትና በሽቦዎቹ መካከል ባለው 1.5–2 ፒኮፋራድ በኩል አሁንም መስመሩ ላይ ተንጠልጥሏል። በተከታታይ የገባ ትንሽ ካፓሲተር ደግሞ ሬዞናንሱን አያጠፋውም፣ ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ።

ቀጭን ሽቦ በሰጠው ስሌት እንሂድ። የ10.000ው ክሪስታል ሲሪየስ ሬዞናንስ 400 ፒፒኤም ዝቅ ብሎ 9.996 ላይ ነው። በ2 ፒኮፋራድ ሲንጠለጠል 1430 ፒፒኤም፣ በ1.5 ሲንጠለጠል 1540 ፒፒኤም ከዚያ ከፍ ይላል። ውጤቱ ከ10.0103 እስከ 10.0114 ሜጋኸርዝ መካከል የሆነ ቦታ ነው። አሁን የ10.0125ን ክሪስታል እይ፤ በኬብሉ ምክንያት 1.8 ኪሎኸርዝ ወርዶ 10.0107 ላይ ተቀምጧል። ጠፍቷል ያልከው ጎረቤት ወጥመድ (የመስመሩን ጉልበት የሚውጥ ሬዞናንስ) ዘርግቶ የጠበቀው እዚያው ላይ ነው። የ10.0125ም ወጥመድ በተራው 10.023 አካባቢ ይወድቃል፣ ወርዶ የመጣውን 10.025 ያገኘዋል። ከ10.000 በታች የቀረበ ክሪስታል ስለሌለ እሱን የሚነካው የለም። ስዊቹን ስትነካ የሚንቀጠቀጠውም እጅህ ያንን 2 ፒኮፋራድ ስለሚያንቀሳቅሰው ነው።

አሳሳቢው ነገር ኬብሉን አውጥተህ ፍሪኩዌንሲውን ብታስተካክለውም ወጥመዱ አብሮህ መምጣቱ ነው። የተንጠለጠለበት ካፓሲታንስ 1 ፒኮፋራድ ሲሆን ወጥመዱ 10.0127 ላይ ያርፋል፤ ከትክክለኛው 10.0125 በ200 ኸርዝ ርቀት። በሪቨርስ የተያዘ ጥሩ ዳዮድ 1 ፒኮፋራድ አካባቢ ነው። ሪድ ሪሌይም እንደዚያው። ስለዚህ የሪሌዩ ሐሳብ ላይ አልስማማም፤ ለዚህ ለ12.5 ኪሎኸርዝ ርቀት እንዲያውም የከፋ ምርጫ ነው። ሪሌይ ካልክ ባለ ሦስት እግር ኮንታክት ያለው ሆኖ፣ ክሪስታሉ ሳይመረጥ ሁለት እግሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ ይሁን። ሁለቱ እግሮች ከተገናኙ ሬዞናንሱ ከመስመሩ አይታይም። በድሮ ጊዜ ተሽከርካሪ ስዊቾች ላይ ያልተመረጡትን ሁሉ የሚያገናኝ ተጨማሪ ሳህን ይገጠም የነበረውም ለዚህ ዓይነት ነገር ነው።


ኮልፒትስ33 ጻፈ፦

ገባኝ፣ የ10.025ም ጉዳይ ተፈታ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። በ1.5 ኪሎኦሙ ፈንታ፣ ወይም ከእሱ ጋር፣ 100 ማይክሮሄንሪ ቾክ (አርኤፍን የሚያግድ ኢንዳክተር) ባስገባ የተዘጋው ዳዮድ የበለጠ አይገለልም? በሌላ ሰርኪት ላይ ሁልጊዜ ቾክ ነው የማየው። እና 48ቱን እዚሁ መስመር ላይ ማሠራት ይቻላል?


ቀጭን_ሽቦ መለሰ፦

ቾኩን አታስገባው። ምክንያቱ ኳርትዝ መስመር የጻፈው ላይ ነው ያለው።

100 ማይክሮሄንሪ በ10 ሜጋኸርዝ 6.3 ኪሎኦም ነው፣ እውነት ነው ከ1.5 ኪሎኦም ይበልጣል። ነገር ግን ጉልበት የሚውጥ ኪሳራ የለውም። የዳዮዱ ካፓሲታንስ ከስትሬዩ ጋር 2.5 ፒኮፋራድ ቢሆን ቾኩ ከሱ ጋር ልክ 10 ሜጋኸርዝ ላይ ይስተካከላል። የተዘጋው ክሪስታል ወጥመድ ስሉነቱን እንደያዘ ይቀራል፣ ቦታው ብቻ ይቀየራል። ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ በእያንዳንዱ ቾክ ይለያያል። ሬዚስተሩ ግን የተዘጋውን ክሪስታል ኪው ይገድለዋል። 1.5 ኪሎኦሙ ለአርኤፍ ከዳዮዱ ጋር ትይዩ ነው፤ 10 ናኖፋራዱ የፓነሉን ጫፍ ግራውንድ ስላደረገው። ስለዚህ ክሪስታሉ የትም ላይ ቢሬዞኔት መስመሩን የሚጭነው በ1.5 ኪሎኦም ገደማ ነው።

ያ ብዙ አይደለም ወይ? መስመሩ 16.5 ፒኮፋራድ በነበረበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ የመስመሩ ሪአክታንስ ራሱ ወደ 1 ኪሎኦም ስለሚጠጋ ኦሲሌተሩን ያፍነዋል። በ110 ፒኮፋራድ ግን ሪአክታንሱ 145 ኦም ነው። 145 በካሬ ለ1500 ሲካፈል 14 ኦም፤ ከክሪስታሉ ጋር በተከታታይ 14 ኦም እንደጨመርክ ቁጠረው። ከ230 ላይ ይህ አይጎዳም፣ ያውም ወጥመዱ ልክ ላዩ ላይ ቢወድቅ ነው። 220ዎቹን ካፓሲተሮች ወደ 100 ዝቅ ካደረግህ ይህ ስሌት ሁሉ ይፈርሳል። ሰዎች ካፓሲተሩን ሳያዩ የዳዮዱን ክፍል ብቻ ከሌላ ሰርኪት ገልብጠው «ዳዮድ ስዊች አይሠራም» የሚሉት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ሦስቱ ተቀራራቢዎች ግን ፍጹም እንዳይነካኩ ከፈለግህ ቁርጡ መፍትሔ ለየራሳቸው ትራንዚስተር መስጠት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ሁለት 220፣ የራሱ 2.2 ኪሎኦም፣ የራሱ ትሪመር ይኑረው፤ ኮሌክተሮቹ ብቻ በአንዱ 100 ኦም ላይ ይገናኙ፣ ውጤቱንም ከዚያ ውሰድ። የፓነል ስዊቹ የ47 ኪሎኦሙን የላይኛ ጫፍ ከ8 ቮልት ጋር ያገናኛል፣ ያልተመረጡት ጫፎች በ10 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ ይጎተታሉ። የጠፋ ትራንዚስተር በኮሌክተሩ በኩል ቢበዛ 4 ፒኮፋራድ ይጨምራል፤ 100 ኦም ላይ ይህ ምንም ነው። ዳዮድ የለ፣ የጋራ ቤዝ የለ፣ ወጥመድ የለ። ስድስት ዳዮድ ከምትገጥም ስድስት ትራንዚስተር መግጠም ብዙም ልዩነት የለውም፤ እኔ አዲስ ቦርድ የሚሠራ ሰው ከሆነ በቀጥታ ወደዚህ እልካለሁ።


ዜሮ_ቢት መለሰ፦

የሪሌዩን እርማት ተቀብያለሁ፣ ለተቀራራቢ ፍሪኩዌንሲ ትክክል ነው።

48ቱን በተመለከተ፦ ያ ሦስተኛ ኦቨርቶን ክሪስታል ነው፤ ከመሠረታዊ ንዝረቱ (ከፈንዳሜንታሉ) ሦስት እጥፍ አካባቢ እንዲሠራ የተዘጋጀ። በፈንዳሜንታሉ 16 አካባቢ ይርገበገባል፤ የተለየ ነገር ካልከለከለው ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ሲባዛም በትክክል 48.000 አይሰጥም፣ ኦቨርቶኑ የፈንዳሜንታሉ ልክ ሦስት እጥፍ ስላልሆነ። ስለዚህ ከ16ቱ ላይ ሃርሞኒክ አውጥቼ እጠቀማለሁ ማለት አያዋጣም።

220 እና 220 ባለበት መስመር ላይ አይሠራም፤ በ48 ሜጋኸርዝ ኔጌቲቭ ሬዚስታንሱ ወደ 10 ኦም ይወርዳል። የራሱ ትራንዚስተር ያስፈልገዋል፦ ከቤዝ ወደ ኢሚተር 33 ፒኮፋራድ፣ ከኢሚተር ወደ ግራውንድ 47 ፒኮፋራድ፣ ከ47ቱ ጋር ትይዩ 0.68 ማይክሮሄንሪ ኢንዳክተር። ኢንዳክተሩ የኢሚተሩን ዲሲ እንዳያፈርስ በ10 ናኖፋራድ በኩል ግራውንድ ይሁን። ይህ ጥንድ 28 ሜጋኸርዝ ላይ ይስተካከላል። ከዚያ በታች ኢንዳክተር ስለሚመስል በ16 ላይ ኮልፒትሱ ይሰበራል፣ በ48 ላይ ግን 31 ፒኮፋራድ የሚያህል ካፓሲተር መስሎ ይታያል፣ ኦሲሌተሩም ይነሳል። 28ቱ በጣም ትክክል መሆን የለበትም፣ ከ24 እስከ 34 መካከል ከሆነ ይበቃል። ኢንዳክተሩ ወደ 2.2 ማይክሮሄንሪ ካደገ ግን ጥንዱ 16 አካባቢ ስለሚያርፍ ፈንዳሜንታሉ ሊመለስብህ ይችላል።

ኦቨርቶን ክሪስታሎች ብዙ ጊዜ ለሲሪየስ ሬዞናንስ ነው የሚስተካከሉት። በዚህ ሰርኪት ትንሽ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ወደ ታች የሚጎትተውም ከክሪስታሉ ጋር በተከታታይ የሚገባ ትንሽ ኢንዳክተር ነው እንጂ ትሪመር አይደለም። ቁጥር አልሰጥህም፤ ከቦርዱ ጋር ስለሚለያይ በፍሪኩዌንሲ ቆጣሪ እያየህ ምረጥ።


ሬጅስተር_ሰባት መለሰ፦

ይህን ሁሉ ከመሥራትህ በፊት ኤስአይ5351ን (በፕሮግራም ፍሪኩዌንሲ የሚፈጥር ባለ ሦስት ውጤት ቺፕ) አስበኸዋል? አንድ 25 ወይም 27 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ይዞ ስድስቱንም ይሰጥሃል፣ ከማይክሮኮንትሮለር ጋር በአይስኩዌርድሲ መገናኘት ብቻ ነው።


ኳርትዝ_መስመር መለሰ፦

ለብዙ ሥራ ልክ ነህ፣ ለክሎክ ከሆነ ጥያቄም የለውም። ለተቀባይ ሎካል ኦሲሌተር (ከሚመጣው ሲግናል ጋር የሚደባለቀው የሬዲዮው ውስጣዊ ኦሲሌተር) ግን እነዚህን እይ። የሚያወጣው ስኩዌር ዌቭ ስለሆነ ያለ ፊልተር ሃርሞኒኩ አብሮ ይገባል። ፌዝ ኖይዙም (በፍሪኩዌንሲው ዙሪያ የሚኖረው ጥቃቅን መንቀጥቀጥ) ከንጹሕ ክሪስታል ኦሲሌተር ይበልጣል፤ ጠንካራ ሲግናል አጠገብ ደካማ ለመስማት ሲሞከር ይታወቃል። የቺፑን ሦስቱንም ውጤቶች በአንድ ጊዜ የምትጠቀም ከሆነ አንዱ በሌላው ላይ ትንሽ ይፈስሳል።


ኮልፒትስ33 ጻፈ፦

ሥራው የተቀባይ ሎካል ኦሲሌተር ስለሆነ ከክሪስታሎቹ ጋር እቆያለሁ። 8 እና 12ን በዳዮድ፣ ሦስቱን ተቀራራቢዎችና 48ቱን በየራሳቸው ትራንዚስተር አደርጋለሁ። ቦርዱን ስሥል ልጠነቀቅበት የሚገባው ምንድን ነው? ሲጠናቀቅስ የት ላይ ልለካ?


ቀጭን_ሽቦ መለሰ፦

ኮሌክተሮቹን ሁሉ በዚያው 100 ኦም ላይ ማገናኘት ትችላለህ፣ የ8 እና 12ቱን ጭምር። የዚያኛው ትራንዚስተር ባያስ ግን ስዊቹ በሁለቱ ቦታዎች ላይ ብቻ እንዲያበራው አድርግ፤ ያለዚያ ሦስቱ ሲሠሩ እሱም ባዶ መስመሩን ይዞ ራሱን ችሎ ሊጮህ ይችላል። ቀላሉ ከሁለቱ የስዊች ቦታዎች አንድ አንድ 1ኤን4148 ወደ ባያሱ የላይኛ ጫፍ መሳብ ነው። በዚህ በኩል የሚመጣው 12 ቮልት ስለሆነ የላይኛውን 47 ኪሎኦም በ82 ኪሎኦም ተካው።

የቤዙ መስመር ከ3 ሳንቲሜትር አይብለጥ። ከመስመሩ በታች ያለውን የግራውንድ መዳብ ፋቀው፤ ከኢሚተሩና ከ220ዎቹ በታች ግን ይኑር። ስስ ቦታው በክሪስታሉና በትሪመሩ መካከል ያለው ነጥብ ነው። እዚያ የሚጨመር 1 ፒኮፋራድ አብዛኛው ሎዱ ላይ ይደመራል፣ 10 ሜጋኸርዝ ላይ 110 ኸርዝ ገደማ ነው። ክሪስታሉን ከትሪመሩ ጋር አጣብቀህ አስቀምጥ። ትሪመሩ የስክሩድራይቨር ጎኑ ወደ ዳዮዱ ይዙር፣ ወደ ክሪስታሉ ከሆነ ብረት በተጠጋ ቁጥር ፍሪኩዌንሲው ይሸሻል።

የክሪስታሎቹን ቆርቆሮ ሽፋን ግራውንድ ማድረግ ጥሩ ነው፣ በተለይ ለሦስቱ። ቀጭን ሽቦ በሽፋኑ ጫፍ ላይ ቶሎ በይደህ ልቀቅ፤ ብረቱን ካቆየኸው ውስጡ ይጎዳል፣ ፍሪኩዌንሲውም ተመልሶ አይመጣም።

መለኪያውን ቤዙ ላይ አታድርግ። ፍሪኩዌንሲ የሚለካው ከ100 ኦሙ በኋላ፣ መለኪያው ኦሲሌተሩን እንዳይጭን ከሚገጠም ኢሚተር ፎሎወር (ባፈር ትራንዚስተር) መውጫ ላይ ነው። የክሪስታሉን ጭነት ማወቅ ከፈለግህ ብቻ ባለ 10 እጥፍ ፕሮብ መስመሩ ላይ ንካ፤ የ10 ሜጋኸርዝ ከሆነ የፒክ ቮልቴጁን ለ145 ኦም አካፍለው፣ ለ8 ለ180፣ ለ12 ለ120። 0.7 ቮልት ፒክ 5 ሚሊአምፒር ፒክ ማለት ነው፣ 31 ኦም ውስጥ 0.4 ሚሊዋት ያህል። ኤችሲ-49/ዩ ይህን ይችላል፤ ትንንሾቹን 3225 ክሪስታሎች ግን በዚህ ሰርኪት አታስገባቸው፣ አብዛኞቹ የሚፈቀድላቸው ከዚህ ብዙ ያንሳል። 8ቱ ከፍ ብሎ ካገኘኸው የዚያን ትራንዚስተር 2.2 ኪሎኦም ወደ 3.3 አሳድገው፣ 12ቱም አሁንም በትርፍ ይነሳል።

ትሪመሮቹን በመጨረሻ አስተካክል፦ መጀመሪያ ቦርዱ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ፣ ለ15 ደቂቃ ይሙቅ፣ በክዳኑ ላይ በየትሪመሩ አንጻር ቀዳዳ ይኑር። ክዳን ሳይኖር የተስተካከለ ፍሪኩዌንሲ ክዳኑ ሲገጠም ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኸርዝ ይወርዳል።